የእናቴ ጥላና የቁልቢው ልዩ ባቡር

ሰው ሲሳል ጧፍ ይሳላል፣ ዕጣን ይሳላል፣ የደላው ደግሞ ሰንጋ ይሳላል። የእኔ እናት ባቡር ጨምራ ተሳለች። ጥላ አገባለሁ ብላ ብታበቃ ምን ነበረበት? እሷ ግን «ይሄን ልጄን ካተረፍክልኝ፣ ሦስቱንም ልጆቼን ይዤ፣ በልዩው ባቡር መጥቼ፣ ጥላ አገባልሃለሁ» አለችው የቁልቢውን ገብርኤል። ይኸው ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአፏ በወጣው ቃል ታስረን እንኖራለን።

አትፍረዱባት። ያኔ የምንኖረው ለገሃር ጀርባ፣ የቀበሌ ቤት ውስጥ ነበር። አባቴ የባቡሩ ጋራዥ ውስጥ በያጅ ነው። ባቡር ለእኛ እንደ ጎረቤት ነበር፤ በፉጨቱ እንነሳለን፣ በፉጨቱ ምሳ ይቀርባል። ሊቶሪናው፣ ፈጣኑ የሰው ባቡር፣ ሲያረፍድ እናቴ «ዛሬስ የት አምሽቶ ነው?» ትል ነበር፣ ጠጥቶ ስለዘገየ ባል እንደምታወራ። አንድ ቀን ባቡር ከለገሃር ይጠፋል የሚል ሰው ቢመጣ ፀበል ውሰዱት ነው የሚባለው። እንዲህ ያለ ስለት ለመሳል የባቡር ሠራተኛ ሚስት መሆን ያስፈልጋል። ሌላው ሰው እግሩን ነው የሚያምነው፣ ቢበዛ አውቶቡስ።

ልዩ ባቡር የምንለው ታኅሣሥ ላይ፣ የገብርኤል በዓል ሲቃረብ፣ ከወትሮው ጉዞ ሌላ ለተሳላሚ ብቻ የሚመደበውን ነው። ፉርጎ ይጨመርለታል። እስከ ድሬዳዋ ይወስደንና ከዚያ ወደ ቁልቢ በመኪና እንወጣለን። ለሠራተኛ ቤተሰብ በነፃ ስለነበር በልጅነቴ ያልሄድኩበት ዓመት ትንሽ ነው። የእንጨት ወንበሩ ወገብ ይቆርጣል። ሰዉ ከነካፖርቱ፣ ከነብርድ ልብሱ ይሳፈርና ሞጆን ሲያልፍ አንድ በአንድ ማውለቅ ይጀምራል፤ አዋሽ ስንደርስ ሁሉም በሸሚዝ ነው። ዳቦ ቆሎ ከማናውቀው ሰው እጅ እንበላለን፣ የማናውቃት ሴትዮ ጭን ላይ እንተኛለን። መዝሙር ከፊት ፉርጎ ይነሳና ኋላ እስኪደርስ የፊቶቹ ሌላ ጀምረዋል። ኤረር ጣቢያ ላይ ብርቱካን በመስኮት ይገባል፤ ባቡሩ ሲነሳ ሻጮቹ ከጎናችን እየሮጡ ይጮሃሉ፣ እኛም እየጮህን እንመልስላቸዋለን።

አባቴ ጆሮውን ወደ ወለሉ ቀስሮ ይቆይና «ይሄን ፉርጎ እኔ ነኝ የበየድኩት» ይላል። በየዓመቱ ሌላ ፉርጎ ነው፣ በየዓመቱ እሱ ነው የበየደው። እናቴ «እንግዲያው ድሬ ሳይደርስ እንዳይገነጠል ጸልዩ!» ስትል ፉርጎው ሙሉ ሰው ይስቃል። እናቴን አፏን ሳትሸፍን ስትስቅ ያየኋት እዚያ ባቡር ውስጥ ብቻ ነው።

እህቴ የመጀመሪያ ናት፣ እኔ መሐል፣ ወንድሜ የመጨረሻ። እሱን ማጅራት ገትር ሲይዘው ገና ትምህርት ቤት አልገባም ነበር። አንገቱ ደርቆ፣ ዓይኑ ተገልብጦ፣ ሐኪሙ አባቴን ወደ ጎን ወስዶ ያናገረው ዕለት ነው እናቴ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ተንበርክካ የተሳለችው። ልጁ ተረፈ። ራሱን ቀና አድርጎ ውሃ ሲጠይቅ እናቴ ነርሷን አቅፋ ጮኸች። ብዙም ሳይቆይ ጥላውን ገዛች፤ ቀይ ከፋይ፣ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ ያለው፣ ሲዘረጉት ቤታችንን የሚሞላ።

ታኅሣሥ ሲደርስ ግን እኔን ኩፍኝ ያዘኝ። «ይቺን ይዤ ብገባ ፉርጎውን ሙሉ ልጅ አስታምማለሁ» ብላ ጎረቤት ቤት ትታኝ፣ ሁለቱን ይዛ ሄደች። ገብርኤል የኩፍኝን ነገር አያጣውም፣ ይረዳኛል ብላ ነው። ተጋድሜ የልዩውን ፉጨት ሰማሁ፤ ትራሱን ነክሼ አለቀስኩ። እናቴ ቁልቢ ደጁ ላይ ደርሳ ግን እጇ እምቢ አላት። ጥላውን ይዛ ተመለሰች።

አባቴ «አንቺ ሴት፣ መልአኩ ቆሞ ልጅ ይቆጥራል እንዴ?» አላት።

«እሱ ባይቆጥር እኔ እቆጥራለሁ። ልጁን ሲሰጠኝ ሙሉውን ነው የሰጠኝ፣ ግማሹን አላስቀረብኝም።»

ይሄን ጊዜ ማንም የሚያስበው ለከርሞ መሆኑን ነው። ከርሞ አባቴ ታመመ። በሚቀጥለው ዓመት ልዩ ባቡር አልተመደበም፤ ከዚያም ጭራሽ ቀረ። ተራው ባቡር ነበር፤ እሷ ግን «ልዩው ነው ያልኩት» አለች። ቆይቶ መስመሩ ሊጠገን ነው ተባለ፤ ጥገናው ሳያልቅ ባቡሩ አለቀ። አባቴም ጡረታ ወጥቶ ብዙ አልቆየም። የሰፈር ሰው በየዓመቱ አውቶቡስ ተከራይቶ ሲሄድ «ኧረ ነይ፣ መንገዱ አስፋልት ነው» ይላታል። እናቴ ጥላውን በነጠላ ጠቅልላ ቁም ሳጥኑ ላይ እንዳስቀመጠች ጧፏን በሰው ትልካለች። ስንት ጊዜ ጨቀጨቅኳት መሰላችሁ! «እማዬ፣ ገብርኤል በምን እንደመጣሽ ሳይሆን መምጣትሽን ነው የሚያየው» ስላት፣ «ያን ቀን ኮሪደሩ ላይ አንቺ ነበርሽ ወይስ እኔ?» ትለኛለች።

ቤታችን ለልማት ሲፈርስ መጀመሪያ ያወጣችው አልጋዋን አይደለም፣ ጥላውን ነው። ያን ቀን ዝናብ ነበር፤ ዕቃችን ሁሉ ሜዳ ላይ ሲረጥብ ጥላውን በላስቲክ ላይ ላስቲክ ጠቅልላ ደረቷ ላይ ይዛ ቆመች። ሰው ምስኪን፣ አበደች ብሎ አለፋት። ጥላ ይዛ በዝናብ ስትበሰብስ ለሚያያት ሰው ሌላ ምን ይመስላል?

እኛም ተበተንን። ከተማው ገፍቶ ገፍቶ ዳር ላይ አራገፈን፤ እኔን ሰበታ፣ እህቴን ቡራዩ፣ ወንድሜን ሱሉልታ። በአንድ አልጋ እግርና ራስ ሆነን ያደግን ልጆች አሁን ለመተያየት አዲስ አበባን ማቋረጥ አለብን። በዓል ሲመጣ ስልክ እንደዋወላለን። «እንገናኝ እንጂ!» እንባባላለን። ድንቄም መገናኘት።

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል። እህቴ ቡራዩ ከገባች በኋላ ጴንጤ ሆነች። ለእናቴ ሐዘኗ ነበር፣ አልዋሽም፤ ሁለቱ በአንድ ማዕድ ሲቀመጡ አንዷ ታማትባለች፣ አንዷ ዓይኗን ጨፍና ትጸልያለች፣ ወጡ መሐል ይቀዘቅዛል። ወንድሜ ደግሞ ሱሉልታ ላይ ቀናው። ግንባታው ሲጧጧፍ ሲሚንቶና ፌሮ መነገድ ጀመረ፣ ግቢ ያዘ፣ መኪና ገዛ። አፉ ቅቤ ነው። «እማዬ፣ አንቺ ባትኖሪ እኮ እኔ አፈር ነበርኩ» እያለ ጉልበቷን ይስማል። መሳሙን ይስማል።

እናቴ ከሦስታችን እኔን መርጣ ሰበታ የገባችው በወጥ አሠራሬ አይደለም። የተከራየሁት ቤት ከአዲሱ ሐዲድ ብዙ ስለማይርቅ ነው። የመጀመሪያውን ቀን ባቡሩ ሲያልፍ ሰምታ ከነጠላ ጫማዋ ወጥታ በባዶ እግሯ ወደ አጥሩ ሄደች። ፉርጎው አያልቅም፤ ኮንቴይነር፣ ኮንቴይነር፣ ኮንቴይነር።

«ሰው የለበትም?» አለችኝ።

«ዕቃ ነው እማዬ። የሰዉ ከለቡ ነው የሚነሳው።»

«በደጃችን እያለፈ?»

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። በደጃችን ያልፋል፤ ለመሳፈር ግን ወደ ከተማው ተመልሰን መሄድ አለብን። ከዚያ ወዲህ ባቡሩ በተሰማ ቁጥር እናቴ ከመቀመጫዋ ትነሳለች። ድስት ጥዳም ቢሆን ትነሳለች። ኦቦ እያልን የምንጠራቸው አከራያችን አጥሩ ላይ ሲያገኟት «ሃዳ ኮ፣ ይሄ ባቡር አንቺን አያውቅሽም» ይሏታል። ሃዳ ኮ በኦሮምኛ እናቴ ማለት ነው፤ በዕድሜ ግን እኩያዋ ናቸው። እሷም «እኔ ግን አውቀዋለሁ» ትላቸዋለች።

አንድ ኅዳር ላይ ለበዓሉ ልዩ ባቡር ሊመደብ መሆኑን ሰማሁ። ልዩ! እስኪረጋገጥልኝ ለእናቴ ትንፍሽ አላልኩም። ስነግራት ምስር እየለቀመች ነበር። ሰፌዱን መሬት አስቀምጣ «ሦስታችሁም?» ነው ያለችው።

ለእህቴ ደወልኩ። ልመና ቋጥሬ፣ ክርክር አዘጋጅቼ ነው የደወልኩት። ገና ሳልጨርስ «በስለት አላምንም፣ ታውቂያለሽ» አለች። አውቃለሁ አልኩ። በስልኩ የቡራዩ ባጃጆች ሲጮሁ ይሰማኛል። «ባቡሩ ላይ እሳፈራለሁ። ደጁም ድረስ እሸኛታለሁ። ከዚያ ውጪ አትጠይቁኝ» አለችና ዘጋችው። በኋላ እንደሰማሁት የቤተ ክርስቲያኗ ሰዎች ስለዚህ ብዙ ተናግረዋታል።

ለወንድሜ ደወልኩ። «ለእማዬ? ምን ጥያቄ አለው! ሱቁን እዘጋለሁ፣ ሱሉልታንም እዘጋለሁ! ትኬቴን ያዢ!» አለኝ። ሳቅኩ። እንዲህ ስለቀለለ እንኳ ሊያጠራጥረኝ ይገባ ነበር።

በጉዞው ቀን ገና ጎህ ሲቀድ ለቡ ጣቢያ ነበርን። እናቴ ነጭ በነጭ ለብሳ፣ ጥላውን እንደ ሕፃን አቅፋ። እህቴ ከቡራዩ ቀድማን ደርሳ በር ላይ ቆማለች፤ ነጠላ አልለበሰችም፣ ግን የሦስታችንን የልጅነት ዳቦ ቆሎ በላስቲክ ይዛ መጥታለች። እናቴ አይታ ጉንጯን ያዘቻት።

ወንድሜ የለም። ደወልኩ። «እየመጣሁ ነው፣ እንጦጦ ጋ ነኝ፣ መንገዱ ተጨናንቆ ነው።» ትንሽ ቆይቼ ደወልኩ። «ደርሻለሁ በይ!» ቆይቼ ስደውል አያነሳም። ከዚያ ስልኩ ዝግ ነው። ሰዉ ሻንጣውን እየጎተተ ይገባል፣ ፈታሾቹ ቶሎ በሉ ይላሉ። እናቴ ዓይኗን ከበሩ አላነሳችም።

«መንገድ ይዞት ነው» አለች።

«አዎ እማዬ፣ መንገድ ነው።»

«በመኪናው ቀድሞን አዳማ ላይ ይሳፈራል። መኪናው ፈጣን ነው።»

ይሄን ራሷ ፈጥራ ራሷ አመነች። እኛም ተሳፈርን።

አዲሱ ባቡር፣ እውነቱን ለመናገር፣ ንጹሕ ነው፣ ወንበሩም ይመቻል። ግን እናቴ መስኮቱን ስትዳብስ ቆይታ «ይሄ በየት በኩል ነው የሚከፈተው?» አለችኝ። አይከፈትም አልኳት። «ታዲያ ብርቱካኑ?» አለች። ወጣቶቹ ጆሯቸው ላይ የሰኩትን ሰክተው ስልካቸው ላይ አፍጥጠዋል። አንድ ፊት ያለ ቡድን መዝሙር ጀምሮ ነበር፤ ከኋላ የሚቀበል ጠፋና ቀስ እያለ ቀረ። እናቴ ከእኔ ጎን ባለው የወንድሜ ወንበር ላይ ጥላውን አጋደመችው። ሰው ሲመጣ «ሰው አለው፣ ልጄ ነው፣ አዳማ ላይ ይሳፈራል» ትላለች። እህቴና እኔ መሬት መሬት እናያለን።

እግዜር ያሳያችሁ፣ አዳማ ስንደርስ እናቴ ግንባሯን መስታወቱ ላይ ለጥፋ፣ የሚሳፈረውን ሰው አንድ በአንድ ፊት ፊቱን ስታይ! ወንድሜን የመሰለ ቁመት ያየች ጊዜ እጇን ታነሳለች፣ ሰውየው ሲዞር ትመልሳለች። በሩ ተዘጋ። እኔ ልቤ ላይ የነደደውን ነገር በምን አፌ ልንገራችሁ። «ቀረ! ቀረ እማዬ! እሱ መቼ መጥቶ ያውቃል!» ብዬ ጮህኩ፣ ሰው ሁሉ ዞረ። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይላል ያገሬ ሰው። በእኛ ቤት የወለዱት ተርፎ የተናገሩት ጠፋ።

እናቴ አልተቆጣችኝም። ሕፃን ያዘለች ሴት ቦታ አጥታ መተላለፊያው ላይ ቆማ ነበርና፣ እህቴ ተነስታ ጥላውን ከወንበሩ አነሳችና ሴትዮዋን አስቀመጠቻት። ከዚያ ድሬዳዋ እስክንደርስ፣ በስለት የማታምነው እህቴ ናት የገብርኤልን ጥላ ጭኗ ላይ አድርጋ የሄደችው። ኤረርን መቼ እንዳለፍነው እንኳ አላወቅኩም።

ቁልቢ ሰው በሰው ነበር። ድንጋይ የተሸከመ፣ ልጅ የታቀፈ፣ እልል የምትል፣ የምታለቅስ። ስለት የሰመረለት ሁሉ ጥላውን ከፍ አድርጎ በፊታችን ያልፋል። እናቴ ደጁ ላይ ቆመች። ዞር ብላ አየችን፤ እኔን፣ እህቴን፣ ከዚያ ከእህቴ ጎን ያለውን ባዶ ቦታ።

እህቴ «ስጪው እማዬ። አብሬሽ እገባለሁ። አጠገብሽ እቆማለሁ» አለች። ይሄን ለማለት ምን እንዳስከፈላት የማውቀው እኔ ነኝ።

«አንቺስ መጣሽልኝ» አለቻት እናቴ። «የማትመጪው አንቺ ነበርሽ፣ መጣሽልኝ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ያኔ አንቺ ኩፍኝ ይዞሽ ነው የቀረሽው። እሱ ግን አሁን ምን ይዞት ቀረ?»

ጧፏን ሰጥታ፣ ጥላውን ለሁለተኛ ጊዜ አቅፋ ተመለሰች።

ስንመለስ ወንድሜ ለቡ ጣቢያ በር ላይ መኪናውን አቁሞ እየሳቀ ጠበቀን። «እንኳን ደህና መጣችሁ! በዓል እንዴት ነበር?» አለ። ዓይኔን አፍጥጬ አየሁት። «ምን ላድርግ፣ ልወጣ ስል የሲሚንቶ መኪና ደረሰ! ሲሚንቶ እኮ እንደ ድሮ አይደለም፣ ወር ጠብቄ ነው ያገኘሁት። ሳላራግፍ ብሄድ ሌላው ይወስደዋል። ዋናው እማዬ መሳለሟ ነው፣ አይደለም እንዴ እማዬ?»

ልሰድበው አፌን ስከፍት እናቴ ቀደመችኝ። ተጠጋችውና በእጇ ጀርባ ግንባሩን ነካችው፤ ያኔ ሆስፒታል እንዳደረገችው፣ ትኩሳት ይኖረው እንደሆነ። ከዚያ ጥላውን ሰጠችው።

«እንካ። ካሁን ወዲያ አንተ ጋ ይቀመጥ። ባቡሩ ሲመደብ አንተ ትይዘዋለህ፣ ሦስታችሁም ትመጣላችሁ። እጅህ ላይ ካለ አትረሳውም።»

«ምን ችግር አለ» አለና የመኪናውን ኋላ ከፍቶ ወረወረው። በሩን ሲዘጋው ዘርፉ ተቆንጥጦ ውጭ ቀረ። እህቴ ናት ከፍታ ያስገባችው።

ዓመቱ ሳይሞላ፣ ሐምሌ ሲገባ፣ ሌላው የገብርኤል በዓል መቃረቡን አስባ እናቴ መቁነጥነጥ ጀመረች። በክረምት ልዩ ባቡር ስለመመደቡ የሰማነው ነገር የለም። እሷ ግን «ድንገት ቢሆንስ? ሂጂና ጥላውን ይዘሽልኝ ነይ፣ አቧራውን ላራግፈው» አለችኝ። ከሰበታ ሱሉልታ በዚያ ክረምት መሄድ ምን ማለት እንደሆነ ያየ ያውቀዋል። ሄድኩ።

ሱሉልታ ጉም ውጧታል፣ ዝናቡ ያለ እረፍት ይወርዳል፣ ብርዱ ጥርስ ያንገጫግጫል። የወንድሜ ግቢ ጭቃ ነው። በሩን የከፈቱልኝ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ናቸው። «አካም ጅርቱ» ብዬ በኦሮምኛ ሰላም አልኳቸው፣ «ነጋ፣ ደህና» ብለው ሳቁልኝ። ገና እጃቸውን ሳልለቅ ዓይኔ ግቢው ጥግ ላይ አረፈ።

የሲሚንቶው መጋዘን ጣሪያው አፍስሶ፣ ከረጢቶቹን ወደ በረንዳው አውጥተው ደርድረዋል። ላስቲኩ አልበቃም። ባልበቃበት በኩል፣ በከረጢቶቹ ላይ፣ የእናቴ ጥላ ተዘርግቶ ቆሟል። ቀዩ ከፋይ አመድ መስሏል። ወርቃማው ዘርፍ ጭቃ ውስጥ ተነክሮ ውሃ ያንጠባጥባል።

«አባባ፣ ይሄን ጥላ እዚህ ማን አቆመው?» አልኳቸው።

«እኔ ነኝ። መጋዘን ውስጥ ወድቆ አገኘሁት፣ ትልቅ ነው፣ ጥሩ ነው። ሲሚንቶ ውሃ ከነካው ድንጋይ ይሆናል፣ ያስከፍሉኛል» አሉ። ምንም አላጠፉም፣ ማንም ምንም አልነገራቸውም። ደግሞ እኮ ኮርተው ነው የሚነግሩኝ።

ወንድሜ ከቢሮው ወጣ። ጥላውን አየ፣ እኔን አየ፣ ፊቱ ተለዋወጠ። «ኧረ! ይሄ እዚህ ምን ያደርጋል? አላየሁትም፣ እምልልሻለሁ! ቆይ፣ አትናደጂ፣ ሌላ እገዛላታለሁ። ከዚህ የሚበልጥ፣ ባለ ጥልፍ።»

«ሌላ?» አልኩት። «ሌላ ሕይወት ካላት ጠይቃት።»

ጥላውን ከከረጢቱ ላይ አነሳሁት። ልዘጋው ብል እምቢ አለ፤ የሲሚንቶው ዱቄት ከውሃው ጋር ተቦክቶ ሽቦዎቹ ላይ ደርቋል። እንደተዘረጋ ተሸክሜ ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ እንዴት እንዳስገባሁት አትጠይቁኝ። አንዱ ረዳት «እማማ፣ ታቦት ወጥቷል እንዴ?» ብሎ ቀለደብኝ፤ አንዲት ሴት ደግሞ ከመንገድ ዳር አይታ አማተበች። እኔ እማማ የምባል ሰው አልነበርኩም፤ ያን ቀን ግን ሳልመስል አልቀረሁም።

መንገድ ላይ ውሸት ሳዘጋጅ ነው የመጣሁት። ባቡሩ አልተመደበም፣ ጥላው ጥሩ ቦታ ተቀምጧል፣ በታኅሣሥ እናመጣዋለን። ጥላውንም አከራያችን ቤት ልደብቀው አሰብኩ። ሰበታ ስደርስ ግን እናቴ በር ላይ ቆማ እየጠበቀችኝ ነበር። ካለ ወትሮዬ ስዘገይባት ወጥታ።

ጥላውን ከእጄ ተቀብላ ቤት ገባች። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ጭኗ ላይ አደረገችው። አመድማውን ነገር በጥፍሯ ፋቀችው፤ ከፋዩ አብሮ ተነሳ። ሌላ ቦታ ፋቀች። አብሮ ተነሳ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

ያዘጋጀሁት ውሸት ሁሉ ከአፌ ጠፋ። «ሲሚንቶ ነው እማዬ። ዝናብ እንዳይመታው በሱ ሸፍነውት ነው» አልኳት።

ዘርፉን አንድ በአንድ እያነሳች ጭቃውን በጣቶቿ ትጨምቃለች። የምታለቅስ መስሎኝ አጠገቧ ተቀመጥኩ። አላለቀሰችም።

«ሲሚንቶውስ ተረፈለት?» አለችኝ።

«ተረፈለት፣ እማዬ።»

«እሰየው» አለች።

ያኔ ባቡሩ መጣ። ከሩቅ ጀምሮ ይሰማል፣ የቤታችን መስታወት ይንቀጠቀጣል፣ ኮንቴይነሩ አያልቅም። እናቴ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም።